ሦስት የመንግሥት ኬጂ፣ አንድ ልጅ፦ በምን ላወዳድራቸው?

ግራ ገብቷት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ይገባል፣ እኔ ደግሞ ካሁኑ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በእግር የምንደርስባቸው የመንግሥት ቅድመ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ሦስት ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እያልኩ ልቀጥል።

አንደኛው ቤታችን አጠገብ ነው። ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር አንድ ግቢ ይጋራል። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ መምህሯ ግን ለዓመታት እዚያው ያለች ናት ይላሉ። ሁለተኛው አዲስ ሕንፃ ነው። ግድግዳው በሥዕል ያሸበረቀ፣ መጫወቻው ቀለሙ ያለቀቀ፣ ሰው ሁሉ የሚሻማበት። ሦስተኛው ከትልቁ መንገድ ማዶ ነው። ግቢው ጠባብ፣ ቤቱም አሮጌ ነው። ልጆቻቸውን እዚያ ያስገቡ ሰዎች ግን ሲያወሩለት ፊታቸው ይፈካል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «እንዲሁ ጥሩ ነው» ከማለት በቀር የሚነግሩኝ ነገር የለም።

ሦስቱንም በጉብኝት ቀን አይቻቸዋለሁ። ርዕሰ መምህራኑ የሚሉት አንድ ነው፦ በጨዋታ እናስተምራለን፣ ወላጅ አጋራችን ነው፣ እያንዳንዱን ልጅ እንከታተላለን። ሦስቱም! ታዲያ በምን ልለያቸው? ባለቤቴ «ፊደል ቶሎ የሚያስጨርሰው ይሻላል» ባይ ነው። እናቴ «ቅርቡ ይሻላል፣ አለቀ» ብላ ዘግታዋለች። እናንተ ምን አይታችሁ መረጣችሁ? «ሁሉም ያው ነው» የምትሉ ካላችሁም ንገሩኝ፣ ግን ምክንያቱን ጨምሩበት።

የመንታ እናት

ሕንፃውን ለጊዜው እርሺው እህቴ። በጉብኝት ቀን ያየሽውንም ግማሹን እርሺው፤ የዚያን ቀን ሁሉም ትምህርት ቤት ሙሽራ ነው። ተራ ቀን፣ ረፋድ ላይ ሂጂ። ጠዋት ሲገቡ አይሆንም፣ ያኔ ሁሉም ይጣደፋል። የመምህር ጠባይ የሚወጣው ልጆቹ መድከምና መነጫነጭ ሲጀምሩ ነው።

እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። አንዱ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ሕፃን ውኃ ጠረጴዛ ላይ ደፋ። መምህሯ ከወዲያ ማዶ «ደግሞ አንተ!» አለችው። ልጁ እጁን ከኋላው ደብቆ ቆመ። ረዳቷ መጥታ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ጠረገችና ሄደች። ልጁ ግን እንደቆመ ቀረ፣ የሚያናግረው አልነበረም። ሌላኛው ትምህርት ቤት ሁለት ልጆች በአንድ ባልዲ ተጣሉ። መምህሯ ቁጭ ብላ ቁመታቸውን እኩል አደረገችና «አንተ ምን ልትሠራበት ነበር? አንቺስ?» ብላ ጠየቀች። እሷ አሸዋ ልትሞላበት ነበር። እሱ ባርኔጣ ሊያደርገው! መምህሯ ሳቀች፣ እነሱም ሳቁ፣ መጀመሪያ ባርኔጣ ከዚያ አሸዋ ተባለና ጸቡ በረደ። የዚያ ክፍል ቀለም የተላላጠ ነበር። መንታዎቼን እዚያ አስገባኋቸው።

ቁጥር ወዳድ

እኔ ደግሞ ቁጥር ላምጣ። ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ክፍሉ ውስጥ ስንት ልጅ አለ? ስንት አዋቂስ? የአሜሪካ የሕፃናት ትምህርት ባለሙያዎች ብሔራዊ ማኅበር ለአራት ዓመት ልጆች የሚመክረው በአንድ ክፍል ከ20 ያልበለጠ ልጅ፣ ለ10 ልጅ ቢያንስ አንድ አዋቂ ነው። ብዙ ከተማ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይህን አያሟላም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም መለኪያ ይሆንሻል።

«ኬጂ የልጅን ሕይወት ይለውጣል» የሚል ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው የፔሪ ጥናትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሚሺጋን ውስጥ ይፕሲላንቲ በምትባል ከተማ ተጀመረ። ልጆቹ 123 ነበሩ። 58ቱ ትምህርቱን አገኙ፣ 65ቱ አላገኙም፤ ከዚያ እስከ ጉልምስናቸው ተከታተሏቸው። ትምህርቱን ካገኙት መካከል ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱት በለጡ፣ ገቢያቸውም ተሻለ፣ የታሰሩትም አነሱ። እሰየው። ግን እዚያ አንድ መምህር የሚደርሰው አምስት ስድስት ልጅ ነበር፣ መምህሯም በየሳምንቱ ልጁ ቤት ድረስ ትሄድ ነበር። ክፍሉን በልጅ አጭቆ የፔሪን ውጤት መጠበቅ ቀልድ ነው።

ተቃራኒውም አለ። ቴነሲ ግዛት ውስጥ ወደ 3,000 የሚጠጉ ልጆችን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ቦታው ከአመልካቹ ስላነሰ የሚገባው በዕጣ ተለየ፣ ስለዚህ ንጽጽሩ ጠንካራ ነው። የመንግሥት ቅድመ መደበኛ የገቡት ልጆች ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ በፈተና ካልገቡት ያነሰ ውጤት አመጡ፣ የሥነ ሥርዓት ችግራቸውም በዛ። ያነሰ! ስለዚህ «ገባ» ብቻ መልስ አይደለም። ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ ነው ቁም ነገሩ።

አባ ፊደል

ሁላችሁም ጨዋታ ጨዋታ ትላላችሁ። ጨዋታማ ቤትም አለ፣ ደጅም አለ። የመጀመሪያ ልጄን «በጨዋታ እናስተምራለን» የሚል ቦታ አስገብቼው አንደኛ ክፍል ሲገባ ፊደል አይለይም ነበር። ጓደኞቹ ሲያነቡ እሱ ጣቱን ያያል። ያንን ዓመት እንዴት እንዳሳለፍነው እኔ ነኝ የማውቀው። ሁለተኛዋን ፊደል የሚያስቆጥር ቦታ አስገባሁ፣ አሁን ታነባለች። እህቴ፣ ባልሽን ስሚው።

ጡረተኛ መምህርት

አባ ፊደል፣ ልጅህ የደረሰበት ነገር እውነት ነው፣ አልከራከርህም። «በጨዋታ እናስተምራለን» እያሉ ልጁን እንዲሁ የሚለቁ ቦታዎች አሉ። መምህሩ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ልጆቹ ሲራወጡ ቢውሉ ማስተማር አይባልም፣ መጠበቅ ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ልጄ (ለጠያቂዋ ነው)፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነውና የማየውን ልንገርሽ። መጀመሪያ የማየው ግድግዳውን ነው። በሥዕል ያሸበረቀ ስላልሽ። የልጆቹ ሥራ ነው ወይስ የአዋቂ? የልጆቹ ከሆነ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው ወይ? ሃያ ተመሳሳይ አበባ፣ ሁሉም ቀይ፣ ሁሉም አምስት ቅጠል ያለው ካየሽ ያንን የሠራችው መምህሯ ናት፤ ልጆቹ ሙጫ ቀብተው ለጥፈዋል። አንዱ አበባ፣ አንዱ መኪና፣ አንዱ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ሰማያዊ ነገር ከሆነ፣ ከሥሩም መምህሯ ልጁ ያለውን በራሱ አነጋገር ጽፋለት ከሆነ፣ ደስ ይበልሽ። ፊደል የሚጀምረው እዚያ ነው። የተናገረው ነገር ወረቀት ላይ ሲሰፍር አይቶ «ይኼ የኔ ነው» ያለ ልጅ ለምን እንደሚያነብ ገብቶታል።

ሁለተኛ፣ የሚጠብቁበትን ጊዜ ተመልከቺ። ሰልፍ ለመታጠብ፣ ሰልፍ ለመውጣት፣ ሰልፍ ለመግባት፣ ሁሉም እስኪጨርስ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ። ብዙ ክፍል ውስጥ ጠዋቱ የሚያልቀው በዚህ ነው። ፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ያማረ ነው፣ ሰዓቱን ግን ሰልፍ በልቶታል። ጎበዝ መምህር ልጆቹን በትንሽ በትንሹ ነው የምታንቀሳቅሰው። አምስቱ ሲታጠቡ ሌሎቹ ተረት ይሰማሉ።

ሦስተኛ፣ ዝም ብለሽ ስሚ። መምህሯ የምትጠይቀው «ይህ ምን ቀለም ነው?» ብቻ ነው ወይስ «እንዴት አወቅህ?» «ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚልም አለበት? ልጅ ሲመልስ ትጠብቀዋለች ወይስ ትነጥቀዋለች? የአራት ዓመት ልጅ ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ መታገሥ የሚያስችል አንጀት ይጠይቃል። ያ አንጀት ያላት መምህር ፊደሉንም ታስተምርልሻለች።

እርሳስ ለማስያዝ አትቸኩይ። ጭቃ ያልጠፈጠፈ፣ በመቀስ ያልቆረጠ፣ ቁልፍ ያልቆለፈ ጣት እርሳስ ሲይዝ ይደክመዋል። ከዚያ «መጻፍ አይወድም» ይባላል።

አባ ፊደል

መምህርት፣ እርስዎ ያሉት ዓይነት መምህር ቢገኝማ ማን ይጠላል። የለማ! ለዚያ ነው ቢያንስ ፊደል የሚቆጠርበትን የምመርጠው። ያ ቢያንስ ይታያል። ደብተሩን ከፍቼ አየዋለሁ።

ቁጥር ወዳድ

ፊንላንድ ውስጥ መደበኛ ትምህርት የሚጀመረው በሰባት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ያለው አንድ ዓመት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል፣ ግን እሱም እንደ አንደኛ ክፍል አይደለም። ልጆቹ ማንበብ አልቀረባቸውም።

አባ ፊደል

ፊንላንድን ተወኝ ወንድሜ። እዚያ መምህሩ በደንብ የሠለጠነ ነው፣ ቤቱም መጽሐፍ አለው፣ አንደኛ ክፍል ሲገባም ከፊደል ነው የሚጀምሩለት። የእኛ አንደኛ ክፍል ግን ልጁ ፊደል ችሎ እንደመጣ ቆጥሮ ነው የሚሮጠው። ልጄን ለፊንላንድ አይደለም የማዘጋጀው፣ ለሚቀጥለው ክፍል ነው።

የመንታ እናት

እዚህ ላይ እውነት አለው። ግራ ገብቷት፣ ልጅሽ ቀጥሎ የሚገባበትን አንደኛ ክፍል መምህር ሄደሽ ጠይቂያት፦ «ልጆቹ ሲመጡልሽ ምን ችለው ቢመጡ ደስ ይልሻል?» በያት። እኔ ስጠይቅ የጠበቅሁት «ፊደል» እንድትለኝ ነበር። እሷ ግን «ጫማውን ራሱ ማድረግ የሚችል፣ ሲፈልግ ‹ሽንቴ መጣ› የሚለኝ፣ ተራ የሚጠብቅ ልጅ ስጡኝ፣ ፊደሉን እኔ አለሁ» አለችኝ። የሌላ ትምህርት ቤት መምህር ሌላ ትል ይሆናል። ለዚህ ነው መጠየቁ።

ሌሊት ፈረቃ

ማንም ስለ መንገዱ አላነሳም። እኔ ሌሊት ሠርቼ ጠዋት ልጅ አደርሳለሁ። የተመሰገነውን ሩቅ ትምህርት ቤት መርጠን ነበር። የጠዋቱ ጉዞ ለቅሶ፣ የከሰዓቱ ጉዞ እንቅልፍ። ዝናብ የጣለ ቀን ይቀራል፣ እኔ የደከመኝ ቀን ይቀራል፣ ትንሽ ጉንፋን ሲይዘው ይቀራል። ጥሩ ትምህርት ቤት የሚጠቅመው ልጁ ሲገኝበት ነው። በኋላ ቅርቡ ጋ አዛወርነው። አሁን መቅረት የለም፣ የክፍል ጓደኞቹም እዚሁ ሰፈር ስለሆኑ ከትምህርት በኋላ አብረው ይጫወታሉ።

እናትሽ «አለቀ» ያሉት ዝም ብለው አይደለም። ትልቁን መንገድ ከልጅ ጋር በጠዋት ተሻግረሽው ታውቂያለሽ? ምሽት ላይ ሳይሆን በጠዋቱ ግርግር፣ በአንድ እጅሽ ቦርሳ በአንድ እጅሽ ልጅ ይዘሽ። ከመወሰንሽ በፊት ሞክሪው።

ደግሞ የሚዘጉበትን ሰዓት ጠይቂ። እስከ እኩለ ቀን ብቻ ከሆነ ከሰዓት ማን ይይዘዋል?

ሽንት ቤት አየሁ

ስሜ እንደሚለው ነው። ሽንት ቤቱን እዪ። በሩ ይዘጋል? ውኃ አለ? መቀመጫው በልጅ ልክ ነው? ልጅ ብቻውን ይደርስበታል ወይስ ግቢ አቋርጦ ከትልልቆቹ ተማሪዎች ጋር ይሰለፋል? የእኔዋ ሽንት ቤቱን ስለፈራች ቤት እስክትደርስ ትይዝ ነበር፣ ውኃ መጠጣትም አቆመች። የደረስንበት ሐኪም ዘንድ ሄደን ነው። የግድግዳውን ሥዕል ግን ሁላችንም አድንቀናል።

ግራ ገብቷት

ወይ ጉድ፣ ስንት ነገር ነው ያላየሁት! አንደኛው ሽንት ቤቱ ከአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር የጋራ ነው፣ አሁን ሳስበው። ቁጥሩን ደውዬ ጠየቅኩ፦ አንደኛው 35 ልጅ በአንድ መምህርና በአንድ ረዳት። ሁለተኛው 25፣ እዚያም ሁለት አዋቂ። ሦስተኛው «መጥተው ይዩ» አሉኝ፣ ስልክ ላይ አልነገሩኝም።

ሁለት ጥያቄ። አንድ፣ መምህራን ቶሎ ቶሎ ይለቃሉ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው? ሁለተኛው ትምህርት ቤት አዲስ ስለሆነ ነው መሰል ያነጋገርኳቸው ሁሉ ገና የገቡ ናቸው። ሁለት፣ ልጄ አራት የሚሞላው ልክ ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ነው። ከክፍሉ ትንሹ ይሆናል። አንድ ዓመት ላቆየው?

የቀድሞ ረዳት

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ፣ ውስጡን ስለማውቀው። ረዳት መምህር ነበርኩ። የት እንደሆነ አልናገርም። «ሁለት አዋቂ አለ» ሲሉሽ በወረቀት ነው በዪና ቀጥለሽ ጠይቂ። እኔ ስንት ጊዜ ከክፍል ተጠርቼ ቢሮ ወረቀት ሳባዛ ውያለሁ። ሌላ ክፍል መምህር ከቀረ ደግሞ ሄጄ የምተካው እኔ ነኝ። ስለዚህ «ረዳቷ ስትቀር ማን ይተካታል? ዋናዋ መምህር ስትቀርስ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ፈጥኖ ከመጣ አሠራር አላቸው ማለት ነው። እርስ በርስ ከተያዩ ደግሞ ገብቶሻል።

መልቀቅን በተመለከተ ነውር የለውም። ግን «ለምን ይለቃሉ?» አትበይ፣ ይደነግጣሉ። «ባለፈው ዓመት ይህንን ክፍል ይዛ የነበረችው መምህር አሁን የት ናት?» በይ። ሌላ ክፍል ይዛለች ከተባለ ጥሩ ነው። የሄደችበትን የሚያውቅ ከሌለ ልብ በይ። ልጆች በዓመቱ መሀል መምህር ሲቀየርባቸው አይቻለሁ። ለሳምንታት በር በሩን የሚያይ ልጅ ነበር። ወላጆቹ «ባሕሪው ተበላሸ» ብለው ነው የነገሩን።

ደግሞ አንድ ነገር፦ የሚወስዱበት ሰዓት ላይ ቆመሽ ልጆቹን እዪ። እናቱን አይቶ የሚሮጥ ሁሉም ጋ አለ። መምህሯን ዞሮ የሚሰናበት፣ የሠራውን ነገር ለእናቱ ሊያሳይ ጎትቶ መልሶ ወደ ክፍል የሚያስገባ ልጅ ካየሽ ያ ትምህርት ቤት ደህና ነው።

ቁጥር ወዳድ

ሁለተኛውን እኔ ልሞክር። ከክፍሉ ትንሹ መሆን ልዩነት ያመጣል፣ ይህ በደንብ የተጠና ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት አለ። መቁረጫው ሴፕቴምበር 1 በሆነባቸው ግዛቶች በኦገስት የተወለዱት ከክፍላቸው ትንንሾቹ ናቸው፣ በሴፕቴምበር የተወለዱት ደግሞ ትልልቆቹ። ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር አለባቸው ተብለው በሐኪም የተመዘገቡት የኦገስቶቹ በ34 በመቶ በልጠው ተገኙ። ልጆቹ በአብዛኛው ታመው አይደለም፣ ትንሽ ስለሆኑ ነው። ከጎኑ አንድ ዓመት የሚበልጠው ልጅ ተቀምጦ ሲነጻጸር «ይህ ልጅ ችግር አለበት» ይባላል።

ግን ከዚህ ተነስቼ «አቆዪው» አልልሽም። ቤት ሲቆይ ከማን ጋር ነው የሚውለው? ያ ነው የሚወስነው። ማድረግ የምትችይው ርዕሰ መምህሩን «በዕድሜ ትንሽ የሆኑትን እንዴት ነው የምትይዟቸው?» ብለሽ መጠየቅ ነው። ሁሉንም እኩል እናስኬዳለን ካሉ ለልጅሽ ከባድ ነው። ሲደክመው የሚጋደምበት ቦታ አለው ካሉ ሌላ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ የቀኑን ሸለብታ ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። እዚያው ላይ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት፣ ስክሪን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ ይላል። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ካየሽ መቼ መቼ እንደሚከፈት ጠይቂ። «ዝናብ ሲሆን» ከሆነ ይሁን። «መምህሯ ስትቀር» ከሆነ ወደ የቀድሞ ረዳት ጥያቄ ተመለሽ።

ዝምተኛዋ

ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ልጄ ቶሎ አፉን አልፈታም። ትምህርት ቤት ስፈልግ ሁሉንም የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ከሌሎቹ ለየት ያለ ልጅ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?» አንዷ ርዕሰ መምህርት «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ልጅ የለም» አለችኝ፣ ልታጽናናኝ መስሏት። ያን ያህል ልጅ ባለበት ግቢ አንድም የለም ማለት አላዩትም ማለት ነው፣ ወይም አባረውታል። ሌላዋ ደግሞ «አምና አንድ ነበረን፤ መጀመሪያ በሥዕል ነበር የምንግባባው፣ ጆሮው እንዲታይም ቤተሰቡን ልከናል» ብላ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ስም አልጠራችም፣ ያም ደስ አለኝ።

ልጅሽ ምንም ችግር ባይኖርበትም ይህን ጠይቂ። ለአንዱ ልጅ ብለው ክፍሉን ማስተካከል የሚያውቁ ሰዎች ለሁሉም ያውቁበታል።

ሁለት ቋንቋ

እኔ የምጨምረው ቋንቋን ነው። ከተማ ውስጥ ልጆች ከየቤታቸው ይዘውት የሚመጡት ቋንቋ ይለያያል። ልጁ የሚናገረውን መምህሯ ወይም ረዳቷ ትሰማዋለች ወይ? ዩኔስኮ ልጅ ትምህርቱን በአፍ መፍቻው ቢጀምር ይሻላል ያለው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። ሁሉም መምህር ሁሉንም ቋንቋ ይወቅ ማለቴ አይደለም። ግን የልጁን «ውኃ ጠማኝ» እና «አመመኝ» የሚሰማ አንድ አዋቂ ግቢው ውስጥ መኖር አለበት። የቤቱን ቋንቋ «እዚህ አታውራ» የሚሉት ከሆነ ደግሞ ጥለሽ ውጪ።

ሐሜት አጣሪ

ስለ ሰፈር ወሬ አንድ ነገር ልበል። ሁለተኛው የሚሻሙበት ስለሆነ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ሰው የሚሻማው ሰው ሲሻማ አይቶ ነው። «አንደኛ ደረጃው ፈተና ላይ ጥሩ ውጤት አለው፣ ስለዚህ ኬጂውም ጥሩ ነው» የሚሉትንም ተጠንቀቂ። የዚያ ውጤት ብዙው ክፍል የሚናገረው ስለ ተማሪዎቹ ቤት ነው። የተማረና ጊዜ ያለው ወላጅ የበዛበት ትምህርት ቤት ውጤቱ ጥሩ ይሆናል፣ መምህሩ ቢያስተኛቸውም።

ሦስተኛውን የሚያመሰግኑትን ደግሞ «ጥሩ ነው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂያቸው። «ባለፈው ሳምንት ልጅሽ ስለ ትምህርት ቤት ምን አወራሽ?» በያቸው። ያኔ ዝርዝር ይመጣል። የመምህሯን ስም በፍቅር የሚጠራ ልጅ አለ፣ ጓደኛ ያገኘ አለ፣ «ምንም» የሚል አለ። ልጁ ላይ ከሰፈረው ነገር ነው የምታውቂው። ከሚለቁትም አንድ ሁለት ወላጅ ፈልገሽ አናግሪ። የሚያመሰግን በየደጁ አለ፣ የወጣ ሰው ግን ካልጠየቁት አይናገርም።

ግራ ገብቷት

ተመልሼ መጣሁ። አንደኛውንና ሦስተኛውን ረፋድ ላይ ሄጄ አየሁ። ሁለተኛው ከጉብኝት ቀን ውጭ ወላጅ አናስገባም አሉኝ። ሌላ ቀን ልምጣ ብዬ ብለምንም እምቢ። ይህም መልስ ነው መሰለኝ።

አንደኛው ጫጫታ ነው፣ እውነቴን ነው ጆሮ ይበጥሳል። ግን መምህሯ የእያንዳንዱን ልጅ ስም ታውቃለች፣ የእህት ወንድሞቻቸውን ሁሉ። አንዱ ሲያለቅስ «የታላቅህም እንደዚህ ነበር፣ በሳምንቱ አቆመ» ስትለው ሰማኋት። ሦስተኛው 22 ልጅ ነው። ግድግዳው ላይ መምህርት እንዳሉት ያ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ሰማያዊ ነገር ነበር፣ ሳቄ መጣ። ከሥሩ «ይኼ ነፋስ ነው፣ ቤት ሊገባ ነው» የሚል ተጽፎበታል። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ነው። መንገዱንም በጠዋት ተሻገርኩት። ሌሊት ፈረቃ፣ ልክ ነህ፣ ያስፈራል። ግን አስተናባሪ ይቆማል።

ወደ ሦስተኛው አዘንብያለሁ። ባለቤቴ ገና አልተስማማም፣ ደብተር ጠይቆ ደብተር የለም አሉት። አሁን የምዝገባ ቅጹ ላይ ሦስት ምርጫ በቅደም ተከተል ጻፊ ይላል። ሦስተኛው ቦታው ትንሽ ስለሆነ አንደኛ ምርጫ አድርጌው ባይደርሰኝ፣ ቅርቡንም ላጣ ነው? ሰዎች «የሚደርስሽን አንደኛ አድርጊ» እያሉኝ ነው።

ቁጥር ወዳድ

ይህ የሚወሰነው ድልድሉ በሚሠራበት መንገድ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። በአንዱ አሠራር ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ አንደኛ ምርጫ ያደረጉትን ብቻ ወስዶ ይሞላል፣ ቦታ ከተረፈ ነው ሁለተኛ ምርጫ ያደረጉትን የሚያየው። በዚህ ከሆነ ሰዎቹ ያሉሽ ልክ ነው። የምትመኝውን ጽፈሽ ካልደረሰሽ ቅርቡ አስቀድሞ ሞልቶ ይጠብቅሻል። በሌላው አሠራር ደግሞ አንደኛ ምርጫሽ ባይደርስሽ ሁለተኛው ላይ ልክ አንደኛ እንዳደረግሽው ተቆጥረሽ ነው የምትወዳደሪው፣ ቅድሚያሽን አታጪም። በዚህኛው የልብሽን መጻፍ ምንም አይጎዳም።

ቦስተን ከተማ የመጀመሪያውን ዓይነት ነበር የምትጠቀመው። የምጣኔ ሀብት ምሁራን ዘዴውን የሚያውቅ ወላጅ የማያውቀውን እንደሚበልጥበት አሳዩ፣ ከተማዋም እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ሁለተኛው ዓይነት ቀየረች። (በነገራችን ላይ እዚያው ቦስተን በ1997 እና በ2003 መካከል በዕጣ ኬጂ የገቡና ያልገቡ ልጆችን ያወዳደረ ጥናት አለ። በፈተና ውጤት ልዩነት አልተገኘም፣ ኮሌጅ በመግባት ግን የገቡት በለጡ፣ ከትምህርት ቤት የታገዱትም አነሱ። አባ ፊደል፣ ይህ ደብተር ላይ የማይታየው ነው።)

ስለዚህ ነገ መዝጋቢው ቢሮ ደውይና እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ «አንደኛ ምርጫዬ ካልደረሰኝ፣ ሁለተኛው ላይ አንደኛ አድርገው ከጻፉት በኋላ ነው የምታዩኝ ወይስ እኩል?» ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም።

አባ ፊደል

ቅንፉ ውስጥ አስገብተህ ነው የምትሰድበኝ? አንብቤዋለሁ። ባልዬውን ግን ደብተር ባይኖርም ፊደል ቤት ውስጥ በየማታው ትንሽ ትንሽ ይበል በይልኝ፣ እሱ ማንንም አይጎዳም።

ጡረተኛ መምህርት

አይጎዳም። ተረት አንብቦለት በጣቱ እየጠቆመ ከሆነ እንዲያውም ግሩም ነው።

የቀድሞ ረዳት

ተጠባባቂ ዝርዝር እንዳለም ጠይቂ። ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤት የሚቀይር፣ ሐሳቡን የሚቀይር ቤተሰብ ይኖራል፣ ቦታ ይከፈታል። እኛ ጋ ጸሐፊዋ ከዝርዝሩ ትደውላለች፣ ስልክ ያላነሳውን አልፋ ቀጣዩን ትጠራለች። ስለዚህ የአንቺንም የባለቤትሽንም ቁጥር አስመዝግቢ፣ የማታውቂው ቁጥር ሲደውል አንሺ።

ግራ ገብቷት

ደወልኩ። «እኩል ነው የምናየው» አሉኝ፣ ደግሜ ጠየቅኳቸው፣ እኩል ነው። ሦስተኛውን አንደኛ፣ አንደኛውን ሁለተኛ አድርጌ ጻፍኩ። ሁለቱንም ቁጥር ሰጥቻለሁ፤ ባለቤቴ የማያውቀውን ቁጥር ስለማያነሳ የኔን አስቀድሜያለሁ።